የጤፍ ብረት ስንት ነው? የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ከላቦራቶሪ እስከ ገበታ

የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ አንድ አገር የሚበላውን ምግብ በየስሙ ዘርዝሮ፣ በ100 ግራም ውስጥ ምን ያህል ውሃ፣ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ካርቦሃይድሬት፣ አሰር፣ ማዕድንና ቫይታሚን እንደሚገኝ የሚያሳይ መዝገብ ነው። የሚመዘነው የሚበላው ክፍል ብቻ ነው፤ ሙዝ ከነልጣጩ፣ ሥጋም ከነአጥንቱ አይገባበትም። ይህን መዝገብ ገልጦ የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን የትምህርት ቤት ምገባ ሲታቀድ፣ የስኳር ሕመምተኛ አመጋገብ ሲወሰን፣ ለተጎጂዎች የሚታደል ራሽን ሲመጠን፣ በዱቄትና በዘይት ውስጥ የትኛው ቫይታሚን ይጨመር ሲባል መነሻው እሱ ነው። ሰንጠረዡ ከተሳሳተ ከእሱ የተነሣው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። የታተመ ቁጥር ደግሞ ከየት መጣህ ተብሎ የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው።

በአሜሪካ ዊልበር አትዋተር የአገሩን ምግቦች ይዘት የያዘ ሰፊ ሰንጠረዥ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያ የራሷን ያገኘችው በ1968 ነው። በስዊድን ድጋፍ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ የፈጠረው ያው ተቋም፣ የአግሬንንና የጊብሰንን ሰንጠረዥ በዚያ ዓመት አወጣ። ሌላ ክፍል በ1998 ያሳተመው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ይህ ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የውጭ ሰንጠረዥ መዋስ የማያዋጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቆጮና ቡላ፣ በሶና ሽሮ፣ አብሲት ተጥሎበት የተጋገረ እንጀራ በአውሮፓ መዝገብ አይገኙም። ስማቸው የሚገጥም ምግቦች እንኳ በዘር፣ በአፈርና በአሠራር ይለያያሉ።

የአንድ ቁጥር አወላለድ ከገበያ ይጀምራል። ናሙናው ከአንድ ሱቅ ወይም ከአንድ ማሳ ብቻ ከመጣ ቁጥሩ የዚያ ሱቅ እንጂ የአገር አይደለም። ስለዚህ ከብዙ ቦታ ተሰብስቦ፣ ተቀላቅሎና ተፈጭቶ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። መጀመሪያ በምድጃ ደርቆ ውሃው ይለካል። ቀጥሎ ስቡ በማሟሟያ ይወጣል። የቀረው ተቃጥሎ አመዱ ይመዘናል፤ ማዕድናቱ ያሉት በዚህ አመድ ውስጥ ነው። በብዙ የቆዩ ሰንጠረዦች ካርቦሃይድሬት ጨርሶ አይለካም፤ ሌላው ሁሉ ከ100 ተቀንሶ የተረፈው ካርቦሃይድሬት ነው ይባላል። በሌሎቹ ልኬቶች የተፈጠረው ስህተት ሁሉ የሚከማችበት ቦታ ይኸው ነው። የምግቡ ጉልበትም በስሌት ይገኛል፤ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ለካርቦሃይድሬት 4፣ ለስብ 9 ኪሎካሎሪ ተሰጥቶ ይደመራል።

ፕሮቲንም ቢሆን በቀጥታ አይለካም። ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል በ1883 ባወጣው ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፤ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በ6.25 ተባዝቶ ፕሮቲን ይባላል። ዘዴው ናይትሮጅኑ ከምን እንደመጣ አይለይም። በ2008 በቻይና የደረሰው አደጋ ሥሩ እዚህ ላይ ነበር። በውሃ የቀጠነ ወተት ፕሮቲኑ የተሟላ እንዲመስል ሜላሚን የሚባል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ተጨመረበት። የሜላሚን ሁለት ሦስተኛው ክብደት ናይትሮጅን ስለሆነ፣ አንድ ግራሙ በመለኪያው ላይ ከ4 ግራም በላይ «ፕሮቲን» ሆኖ ይታያል። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ 6 ሞቱ።

ከኢትዮጵያ ምግቦች መካከል ተመራማሪዎችን እንደ ጤፍ ብረት ያከራከረ ቁጥር የለም። በልዩ ልዩ ጥናቶች የነጭ ጤፍ ብረት በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም በታች ጀምሮ እስከ 38 ገደማ ተመዝግቧል፤ በቀይ ጤፍ ደግሞ ከ150 ሚሊግራም ያለፈ ውጤት አለ። አንድ እህል ይህን ያህል ሊለያይ የቻለው በዋነኛነት አውድማ ላይ ነው። ጤፍ በተለምዶ በበሬ እግር የሚወቃው በተደለደለ መሬት ላይ ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ የተጣበቀበት አፈር በማበጠርና በማንጓለል ብቻ ተጠርጎ አይወጣም። የኢትዮጵያ አፈር ደግሞ በብረት የበለጸገ ነው። ናሙናው በላቦራቶሪ በደንብ ሲታጠብ ብረቱ በብዙ ይቀንሳል። ተመራማሪዎች ተክል እምብዛም የማይስባቸውን እንደ ታይታንየም ያሉ ንጥረ ነገሮች አብረው ይለካሉ፤ እነሱ በዝተው ከተገኙ ብረቱም ከአፈር መጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ የአፈሩ ብረት ለሰውነት ይጠቅማል? አብዛኛው በአንጀት ሳይወሰድ ያልፋል። ከእህሉ የሆነው ብረትም በሙሉ ደም አይሆንም፤ ፋይቴት የሚባለው ውህድ አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚፈርስ በሚገባ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ሰንጠረዡ ግን የሚያሳየው ጠቅላላውን ብረት ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ የተሰላ ጥናት ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ከበቂ በላይ ብረት ያገኛል ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ማነስ ወባን የመሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም ስላሉት የሁለቱ ቁጥሮች አለመጣጣም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሆኖም የአፈር ብረትን እንደ ምግብ ቆጥሮ ፖሊሲ ማውጣት ራስን ማታለል ነው።

የአመጋገብ ጥናት ሰንጠረዡን ከገበታው ጋር ያገናኛል። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ሄደው እናት ባለፉት 24 ሰዓታት ራሷም ልጇም የበሉትን፣ የአሠራሩን ዓይነትና መጠኑን ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ በ2011 አገር አቀፍ የምግብ ፍጆታ ጥናት ስታካሂድ የሄደችበት መንገድ ይህ ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ከሚመስለው ይከብዳል። ቤተሰብ ከአንድ ትሪ ሲበላ የእያንዳንዱ ድርሻ አይታወቅም፤ ጉርሻ ደግሞ በማን ሂሳብ ይያዛል? ጾም ሌላው ፈተና ነው። በዐቢይ ጾም የተጠየቀች ምእመን ወተትና ሥጋ ፈጽሞ የማታውቅ ትመስላለች፤ ያችው ሴት በፋሲካ ሳምንት ብትጠየቅ መልሷ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ጥናቱ የተካሄደበት ወቅት ሳይገለጽ የሚጠቀስ ውጤት ዋጋው ግማሽ ነው።

ስህተት በስሌቱም ይገባል። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 10 ግራም ውሃ ሲይዝ እንጀራ ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። የተበላው እንጀራ በዱቄቱ መስመር ከተሰላ ጉልበቱም ማዕድኑም ከእጥፍ በላይ ይጋነናል። ወጥ ሲሆን ደግሞ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬውና ሽሮው ለየብቻ ተመዝነው፣ ተኖ የሄደው ውሃ ተቀንሶ፣ እሳት ያጠፋው ቫይታሚን ተገምቶ ይሰላል። ጎመን ረጅም ጊዜ ሲቀቀል የሚያጣውን ቫይታሚን ሲ የጥሬ ጎመን ቁጥር አይነግርም።

የምግብ ደኅንነትም ያለ ይዘትና ፍጆታ መረጃ አይሰላም፤ አንድ መርዝ የሚያደርሰው ጉዳት በምግቡ ውስጥ ባለው መጠን ብቻ ሳይሆን በሚበላው ብዛትና በተመጋቢው ክብደትም ይወሰናል። ለዚህ ጓያ አስረጂ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ጓያ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ፕሮቲን ያለው መልካም ጥራጥሬ ነው። ድርቅን ስለሚቋቋም በክፉ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ኦዳፕ የሚባለው መርዙ ግን በተለመደው ሰንጠረዥ ዓምድ የለውም። ጓያን ለወራት ዋና ቀለብ ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በደላንታ ይህ በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም ጉዳቱን ያለዝባል።

በወተት ውስጥ የሚገኘው መርዝ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ምንጩ ከብቶቹ የሚበሉት ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሁሉም አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ተጠርጣሪ ለላሞች የሚቀርበው የኑግ ፋጉሎ ሆነ። በፋጉሎው ላይ የበቀለ ሻጋታ ያመነጨው መርዝ በላሟ ሰውነት ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ይሁንና 0.05 የሚለው ቁጥር በራሱ ሕፃኑ ምን ያህል መርዝ እንደወሰደ አይናገርም። በቀን አንድ ስኒ የሚጠጣና ግማሽ ሊትር የሚጠጣ ልጅ ከአንድ ላም ቢጠጡም አደጋቸው እኩል አይደለም። ይህን የሚለየው የፍጆታ ጥናቱ ነው።

አሁን የምርምሩ አቅጣጫ ወደ ካርታ እየሄደ ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከሚገኙ ማሳዎች የተሰበሰቡ እህሎች ተመርምረው በ2021 በወጣው ጥናት፣ የአንድ ዓይነት እህል ሴሊንየም፣ ዚንክና ብረት ከቦታ ቦታ በሰፊው እንደሚለያይ ታይቷል። ልዩነቱ ከአፈርና ከአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። አርሶ አደሩ የሚበላው በአብዛኛው የራሱን ማሳ ምርት በመሆኑ፣ ለአገር ሁሉ የተሰጠ አንድ አማካይ ቁጥር የአንዱን ወረዳ እጥረት በሌላው ትርፍ ይሸፍናል። ስለዚህ የሚቀጥለው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ለጤፍ አንድ መስመር ብቻ ሊሰጥ አይገባም፤ ናሙናው ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ፣ ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ፣ በበሬ ተወቅቶ ይሁን በማሽን ከቁጥሩ ጎን መጻፍ አለበት።