በመለያየት የቆመ ደጋ

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አንኮበር የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን መንገድ የሚጓዘው ገብስና ባቄላ በሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። አንኮበር ጠርዝ ሲደርስ ግን ሜዳው ያልቃል፤ መሬቱ በአልዩ አምባ በኩል ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው የአዋሽ ቆላ ይወርዳል። ተራራ የሚሠራው የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ሲጋጩ ነው ብሎ የተማረ ሰው ይህንን ከፍታም የግጭት ውጤት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ሂማልያ እንዲያ ነውና፤ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ህንድ እስያን ገፍታ የባሕር ወለል የነበረውን አለት አጣጥፋ ወደ ሰማይ አወጣችው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ከፍታውን ያገኘው ከግጭት ሳይሆን ከተቃራኒው፣ ከመለያየት ነው ባይ ነኝ።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። የጫጫ ወንዝ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ። ጀማ በቆረጠው ጥልቅ ገደል የአለቶቹ ንጣፎች በቅደም ተከተል ይታያሉ፤ ከታች የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ወፍራም ጥቁር ድንጋይ። ግጭት ያለፈበት አገር አለቱ የተጣጠፈና የተገለበጠ ነው። እዚህ ግን ንጣፎቹ እንደ ተነጠፉ አግድም ተኝተዋል።

ኢትዮጵያ ግጭት አታውቅም ማለቴ አይደለም። ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲገጣጠም እዚህም ተራሮች ተነስተው ነበር፤ የተጣመሙት ሥሮቻቸው ዛሬም በወለጋ፣ በአዶላና በትግራይ ይታያሉ። ተራሮቹ ራሳቸው ግን በዝናብና በነፋስ ተበልተው ሜዳ ሆኑ፤ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር መጥቶ ሸፈናቸው። በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች ያለው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ባሕር የተኛበት መሬት ከፍ ያለ ሊሆን አይችልምና፣ የዛሬውን ከፍታ ለዚያ የጥንት ግጭት መስጠት አያስኬድም።

ታዲያ ምን አነሳው? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥልቅ የወጣ ትኩስ ቁስ ቅርፊቱን ከሥሩ ገፋው፤ የፈሰሰው ቅልጥ አለት በየቦታው እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት ተከመረ። ቀጥሎ ዓረቢያ ከአፍሪካ መለየት ጀመረች፣ ዘግይቶም የሶማሊያ ሰሌዳ ከቀሪው አፍሪካ፣ ከኑቢያ ሰሌዳ። መሬት ሲለጠጥ ይሳሳል፤ መሳሳቱ ደግሞ ይለካል። ከደጋው ሥር ቅርፊቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ፣ በደናክል ከ20 በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ መለጠጥ የሚያሳሳ ከሆነ መሬቱ ሊሰምጥ እንጂ ከፍ ሊል አይገባውም። መሐሉማ ሰምጧል፣ የአዋሽ ቆላ ማለት ያ ነው። ጠርዙ ግን ከጎኑ የነበረው ክብደት ተቆርጦ ሲወርድለት ጭነቱ እንደ ተራገፈለት ታንኳ ሽቅብ ይላል፤ ከሥር ያለው ሙቀትም ይደግፈዋል። የአንኮበርን ገደል የሠራው ወንዝ ነው የሚልም አይጠፋም። የጀማ ገደል በእርግጥ የወንዝ ሥራ ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት ንጣፎች ከፍታቸው ይገጥማል። በጣርማበርና በደብረ ሲና ቁልቁለት ግን ንጣፉ በስንጥቅ እየተቆረጠ በደረጃ ይወርዳል፣ ዘንበልም ይላል። የጫጫ ወንዝም ቅርብ ወዳለው ቆላ መውረድ ትቶ ጀርባውን ሰጥቶ መሄዱ ጠርዙ ከፍ ማለቱን ያሳያል።

መለያየቱ አልቆመም። በሳተላይት መለኪያ የዋናው ስምጥ ሸለቆ ሁለት ዳርቻዎች በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። ትንሽ ይመስላል፤ በሚሊዮን ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ነው። አካሄዱም እኩል አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞልቶ፣ በሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ሰው ያፈናቀለው፣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥም ከዚሁ ወገን ነው።

ሁለቱም የደረሱት በሸለቆው መሐል ነው፤ በዚህም የተነሳ የመለያየቱ ሥራ ወደ መሐል ተዛውሯል፣ የአንኮበር ጠርዝ አርፏል የሚል አስተያየት አለ። ለመጀመሪያው ክፍል ማስረጃው ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ካራቆሬን ደጋግሞ የመታው፣ ማጀቴን ያፈራረሰውና የደሴን መንገድ የሰነጠቀው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከዚሁ ጠርዝ፣ ከአንኮበር በስተሰሜን ነው።