ጨረሩ መሃል ላይ ነው ወይ?

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ የሚኖር የካንሰር ሕመምተኛ የጨረር ሕክምና ሲታዘዝለት ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ ደቡብ ከወረደ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፎ ናይሮቢ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ከወጣ ያቤሎንና ሐዋሳን አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ርቀቱ በሁለቱም በኩል ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢሲዮሎ መንገድ አስፋልት ከለበሰና የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከተመረቀ ወዲህ ጉዞው ቀለል ብሏል። ሕክምናው ግን ደርሶ መመለስን አይፈቅድም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ እየተሰጠ ለሳምንታት ስለሚቀጥል፣ ሰውየው ወይ ዘመድ ዘንድ ማረፍ ወይ ቤት መከራየት አለበት።

ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ችሎ የሚመጣው አንድ ማሽን ፍለጋ ነው። ስሙ ሊኒየር አክስለሬተር ይባላል፤ ጄኔቭ አጠገብ በሰርን የፊዚክስ ላቦራቶሪ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ግዙፍ የቅንጣት ማፋጠኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ስለ ማሽኑ ዋጋና ስለ ወረፋው ብዙ ይወራል። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ማንም የማያወራለትን ክፍሉን ነው፦ ማሽኑ የገዛ ጨረሩ የት እንዳለ የሚያውቅበትንና ወደሚፈለገው ቦታ የሚመራበትን ብልሃት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋለ ብረት ነው። ከብረቱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች አየር ወደተመጠጠበት የመዳብ ቱቦ ይገባሉ። ቱቦው በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በሴኮንድ ወደ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ የማይክሮዌቭ ኃይል ይሞላበታል። ከሞያሌ በስተሰሜን ዱብሉቅ አካባቢ ያሉትን ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ያየ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይረዳዋል። ወጣቶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ ድረስ ተደራርበው ቆመው የውሃ መቅጃውን በዜማ እየተቀባበሉ ያወጡታል፤ ዜማው እጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። የመዳቡ ክፍሎችም እንዲሁ ኤሌክትሮኑን በትክክለኛዋ ቅጽበት እየተቀበሉ ይገፉታል፤ ከዜማው የወጣ ኤሌክትሮን ግፊት አያገኝም። በአንዲት ክንድ በማትሞላ ቱቦ ውስጥ 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያገኘ ኤሌክትሮን ከብርሃን ፍጥነት 99.7 በመቶውን ይይዛል።

ጉልበት ማግኘቱ ግን ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ጉልበታቸው ከፍ ባሉ ማሽኖች ቱቦው ረጅም ስለሆነ አግድም ይተኛል፤ ጨረሩ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ሕመምተኛው መታጠፍ አለበት። የሚያጥፈው ማግኔት ነው። ችግሩ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ እኩል ጉልበት የላቸውም። ማግኔት ደካማውን አብዝቶ፣ ብርቱውን አሳንሶ ስለሚያጥፍ ጨረሩ በአንድ ጊዜ ዘጠና ዲግሪ ቢታጠፍ ተበትኖ ይወርዳል። ንድፍ አውጪዎቹ ያገኙት መፍትሔ ውብ ነው፦ ጨረሩን ዘጠና ሳይሆን 270 ዲግሪ ያዞሩታል። ብርቱው ሰፊውን ዙር፣ ደካማው ጠባቡን ዙር ይሄድና መጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ከጥቂት ሚሊ ሜትር በማትሰፋ በዚያች ነጥብ ላይ የተንግስተን ዒላማ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሮኖቹ እሱን ሲመቱ ለሕክምና የሚያገለግለው ኤክስሬይ ይወጣል። መነጽር ሠሪ በመስታወት የሚሠራውን እነዚህ ሰዎች በማግኔት ይሠሩታል፤ የሙያው ስምም የጨረር ኦፕቲክስ ነው።

በዚህ ሙያ ትልቁ ግኝት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ባለ አራት ዋልታ ማግኔት ጨረሩን ወደ ጎን ሲሰበስብ ወደ ላይና ወደ ታች ይበትነዋል። ሰብሳቢውንና በታኙን እያፈራረቁ ቢደረድሯቸው ግን ድምሩ በሁለቱም አቅጣጫ መሰብሰብ ይሆናል። ኩራንት፣ ሊቪንግስተንና ስናይደር ይህን አሳተሙ። አቴንስ ውስጥ በሊፍት ሥራ ይተዳደር የነበረ ኒኮላስ ክሪስቶፊሎስ የሚባል መሐንዲስ ግን ያንኑ ሐሳብ ከማንም ሳይማር ቀድሞ ደርሶበት፣ በ1950 የፈጠራ መብት ጠይቆበት ነበር። በኋላ ብሩክሄቨን ቅድሚያውን አምኖ ቀጠረው። ከትልልቅ ላቦራቶሪዎች ርቆ ለሚያነብና ለሚያሰላ ሰው ይህ ታሪክ ደጋግሞ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በታሸገ ቱቦ ውስጥ የሚበርን የማይታይ ነገር እንዴት ያዩታል? ቀላሉ መንገድ ጨረሩ ሲመታው የሚያበራ ሰሌዳ አስገብቶ በካሜራ መመልከት ነው፤ ወይም ቀጭን ሽቦ በጨረሩ ውስጥ በፍጥነት ማሳለፍ። ሁለቱም ጨረሩን ይነካሉ፤ የሚለካው ነገር በመለካቱ ይረበሻል። ሳይነኩ ለማየት በቱቦው ግድግዳ ላይ አራት ትናንሽ የብረት ቁልፎች ይተከላሉ፦ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ኤሌክትሪክ የተሸከመው ጨረር ሲያልፍ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ይጥላል። የግራና የቀኙ እኩል ከሆነ ጨረሩ መሃል ላይ ነው፤ የግራው ከበለጠ ወደ ግራ አዘንብሏል። ሰርን ባለው ትልቁ ቀለበት ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታ ጠቋሚዎች ከሺህ በላይ ናቸው። ከእርሱ በፊት በዚያው ዋሻ ይሠራ የነበረው ሌፕ የተባለ ማሽን ልኬቱ እጅግ የረቀቀ ስለነበር፣ የጨረቃ ስበት ምድርን ስቦ የ27 ኪሎ ሜትሩን ዙሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲለውጠው ባለሙያዎቹ ከጨረሩ ጉልበት ላይ ያነቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ጨረሩ አልዞር ብሎ ሲያስቸግር፣ ልኬቱ መንገዱ የተዘጋበትን ቦታ ጠቆማቸው፤ ቱቦው ሲከፈት ሁለት የቢራ ጠርሙሶች ተገኙበት።

በአህጉራችንም ይህ ሙያ ቤት አለው። ሞያሌ ላይ የሚያልፈው የካይሮ–ኬፕታውን አውራ ጎዳና ደቡብ ጫፉ አጠገብ ኢቴምባ ላብስ የሚባል ላቦራቶሪ አለ፤ ፕሮቶንን እስከ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚያፋጥነው ሳይክሎትሮኑ ለምርምርም ለካንሰር ሕክምናም አገልግሏል።

የሆስፒታሉ ማሽን የሰርንን ያህል ጠቋሚ አይደረደርበትም። ዓይኑ ያለው ራሱ ውስጥ፣ ከዒላማው በታች ነው፦ ጨረሩ አቋርጧቸው የሚያልፍ ሁለት ስስ የአዮን ቻምበሮች። ጨረሩ በውስጣቸው ያለውን ጋዝ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ይቆጠራል። ቆጠራው ሞኒተር ዩኒት ይባላል፤ በብዙ ሆስፒታሎች በተወሰነ አቀማመጥ 100 ሞኒተር ዩኒት 1 ግሬይ (ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ) እንዲሆን ይስተካከላል። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያስቆም ነው። ቻምበሮቹ መቁጠር ብቻ አይደለም ሥራቸው፤ ገጻቸው ተከፋፍሏል። የአንዱ ወገን ምልክት ከሌላው ከበለጠ ማሽኑ ጨረሩ ማዘንበሉን አውቆ ጨረሩን በሚመሩት የሽቦ ጥቅልሎች ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለውጥና ወደ መሃል ይመልሰዋል። ካልመለሰው ራሱን ያጠፋል።

ይህ ዓይን ሲታወር ምን እንደሚሆን ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ታሪክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ ይህ ማሽን አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ሰዎችን ከሚገባው እጅግ በላቀ ጨረር መታ። ቀደም ባሉት ሞዴሎች የነበሩት የብረት መቆለፊያዎች ተነስተው ጥበቃው ለኮምፒውተር ፕሮግራም ተትቶ ነበር። ቴክሳስ ታይለር ውስጥ በ1986 የሆነው ሁሌም ያስደነግጠኛል። ማሽኑ ከፍተኛውን ጨረር ሳይበትን ለቀቀው፤ የአዮን ቻምበሮቹ ከአቅማቸው በላይ ስለተመቱ ተጨናንቀው ትንሽ ቁጥር አነበቡ። የታዘዘው 202 ሞኒተር ዩኒት ሲሆን ማሳያው ላይ የተሰጠው 6 ብቻ ነው የሚል ታየ። ባለሙያዋ ማሽኑ ያነሰ እንደሰጠ አምና እንዲቀጥል አዘዘችው። ሕመምተኛው ከወራት በኋላ ሞተ። የመለኪያ ንድፍ የሚፈተነው ጨረሩ ደህና በሆነ ቀን ብቻ አይደለም፤ በከፋው ቀንም ነው።

ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የጀመረችው በ1997 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት-60 ማሽን ነው። ኮባልት ራሱ ጨረር የሚያመነጭ ብረት ስለሆነ የሚመራ ጨረር የለውም። ኃይሉ በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የዛሬ ወር ምን ያህል እንደሚሆን በቀን መቁጠሪያ ይሰላል። ሊኒየር አክስለሬተሩ ሲመጣ ሕክምናው ረቀቀ፤ ዕጢውን ለይቶ በዙሪያው ያለውን ደህና አካል መተው ተቻለ። ዋጋው ግን ማሽኑ በየቀኑ መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። የሙቀት ለውጥ፣ የመብራት መዋዠቅ፣ የአንድ ክፍል ማርጀት ጨረሩን ያዛንፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት የጨረሩ መጠን ይለካል፤ በተለመደው ደንብ ከ3 በመቶ በላይ ከተዛነፈ ሕክምና አይጀመርም። በየወሩና በየዓመቱ ደግሞ ጠበቅ ያለው ፍተሻ ይመጣል። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ውሃ የሞላበት ገንዳ ከማሽኑ ሥር አቁሞ፣ የአዮን ቻምበር ውሃው ውስጥ አጥልቆ ይለካል፤ የሰው ሥጋ ለጨረር ከውሃ ጋር ስለሚቀራረብ ነው።

አዲስ ማሽን ለአንድ ክልል ወይም ካውንቲ ይገዛ ሲባል እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለዚህ ባለሙያ ነው። ለሞያሌ ሰው ሕክምናው ቢቀርብለት እጅግ ደስ ይለኛል። የሚቀርበው ግን ማሽኑ ብቻ ሆኖ፣ የሚለካው ሰውና የመለኪያ ዕቃው ካልመጡ፣ ረጅሙ መንገድ ይሻላል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ሆስፒታሉ ራሱን መለካቱም አይበቃም፤ መለኪያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሚሠሩበት የፖስታ ፍተሻ አለ። የተቀበሉትን ጨረር ይዘው የሚቆዩ ትናንሽ ካፕሱሎች በፖስታ ወደ ሆስፒታሉ ይላካሉ። ባለሙያው ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ለአንድ ሕመምተኛ እንደሚሰጥ አድርጎ 2 ግሬይ ይሰጣቸውና መልሶ ይልካቸዋል። ኦስትሪያ ያለው ላቦራቶሪ ያነበበው ሆስፒታሉ ሰጠሁ ካለው ጋር በ5 በመቶ ውስጥ ከተስማማ ፍተሻው ታለፈ። ካልተስማማ ሌላ ካፕሱል ይላካል፤ ልዩነቱ ከቀጠለ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሊሄድ ይችላል።