ሽታው የቆሼ ነው ወይስ የገዛ ታንካችን?

ዘነበወርቅ ላይ ክፉ ሽታ ሲመጣ ዓይናችን ቶሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ ወደ ቆሼ ይዞራል። አንዳንዴ ግን መነሻው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ የተቀበረው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ፍሳሹ ሻወር ቤት ከመግባቱ በፊት እንድንደርስበት፣ አፍ ለአፍ የሚዞሩ አምስት አባባሎችን እንፈትሽ።

ተረት፦ «ሽታው የቆሼ ነው።»
እውነታ፦ የቆሼ ሽታ ነፋስ ያመጣዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። የታንክ ሽታ መስኮት ተዘግቶም ከወለሉ ቀዳዳና ከማንሆሉ ይወጣል። የደረቀ ሲፎንም ስለሚሸት መጀመሪያ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት።

ተረት፦ «ታንኩ ውሃ ከሞላ ተበላሽቷል።»
እውነታ፦ ጤነኛ ታንክ ሁልጊዜ እስከ መውጫ ቱቦው ሙሉ ነው። ከባዱ ቆሻሻ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ የመሃሉ ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ዝቃጩና ቅባቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሲሶ ከያዙ ግን ማስመጠጥ ያስፈልጋል፤ ካለፈ ዝቃጩ የማስረጊያውን አፈር ይደፍነዋል። አፈሩ አንዴ ከተደፈነ ማስመጠጥ ብቻውን አያድነውም።

ተረት፦ «ውሃ መውረድ ካቆመ መጣጭ መኪና መጥራት ነው።»
እውነታ፦ አንድ ሲንክ ብቻ ከዘገየ የተደፈነው የራሱ ቱቦ ነው። ሁሉም አብረው ከዘገዩ፣ መጸዳጃው ሲለቀቅ የሻወሩ ወለል ከተንቦቀቦቀ፣ ወይም በበጋ ታንኩ አጠገብ መሬቱ ከረጠበ ታንኩን ወይም ማስረጊያውን ጠርጥሩ።

ተረት፦ «በረኪና ያጸዳዋል፣ እርሾ ያሟሟዋል።»
እውነታ፦ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በረኪና ሲበዛ ይገድላቸዋል። እርሾም ዝቃጩን አያጠፋውም። የሚጠቅመው የወጥ ቅባት፣ ዳይፐርና ሞዴስ አለመጨመር ነው። የጣሪያ አሸንዳም ወደ ታንኩ አይግባ፤ የክረምት ጎርፍ ዝቃጩን በጥብጦ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል።

ተረት፦ «ክብሪት ጭረን ካልጠፋ ሰው መግባት ይችላል።»
እውነታ፦ በታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ሚቴን በእሳት ይፈነዳል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ ማሽተትን ያደነዝዛል፣ ሰውንም በቅጽበት ይጥላል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባውም አብሮ ይቀራል። እባካችሁ ማንም አይግባ፤ ሰው ከወደቀ ወደ 939 ደውሉ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ዝቃጩን አስለኩ። ለአብዛኛው ቤት የማስመጠጫው ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ተከራይ በበዛበት ግቢ ቶሎ ይደርሳል። የተመጠጠበትን ቀን የቆጣሪው ሳጥን ላይ ጻፉት፤ አከራይም ተከራይም ቢቀየር ቀጣዩ ሰው ተራው መቼ እንደሆነ ያነበዋል።