አሮጌውን ፈጣን አውቶሞቢል በየዕለቱ ስለ መንዳት

ሰው ያማረ ነገር ባየ ጊዜ ዓይኑ ከልቡ፥ ልቡም ከኪሱ ይቀድማል። ይህ በልብስም በቤትም የታየ ነው፤ በአውቶሞቢል ግን ይብሳል። ልብስ ቢያረጅ ይጣላል እንጂ ቤተ ሰቡን ይዞ ገደል አይገባምና። ስለዚህ በኤውሮፓ ብዙዎች የሚመኙትን አንድ አሮጌ ፈጣን አውቶሞቢል ምሳሌ አድርገን፥ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ለየዕለቱ ሥራ ለማዋል የሚያስብ የቤት ጌታ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ይህ አውቶሞቢል ሲትሮኤን ኤስ ኤም ይባላል። የፈረንሳዩ ሲትሮኤን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የኢጣልያውን የማዜራቲን ፋብሪካ በእጁ ካደረገ በኋላ፥ የራሱን አካል ከማዜራቲ ሞተር ጋራ አጋብቶ በ1970 ዓ.ም. በዤኔቭ ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና 170 የፈረስ ጕልበት ያለው ሲሆን፥ በሰዓት እስከ 220 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ነገር ግን በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ችግር ተነሣ፤ ሲትሮኤንም ገንዘብ አጥሮት በፔዦ እጅ ገባ። ስለዚህ በ1975 ዓ.ም. ሥራው ቀረ። በጠቅላላው የተሠሩት 12,920 ብቻ ናቸው።

ስለ መልካምነቱ አስቀድመን እንናገር። ይህ አውቶሞቢል እንደ ሌሎቹ በብረት ሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ አልተቀመጠም፤ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ በተሞሉ ክብ ብረቶችና ተጨምቆ በሚሄድ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ። ሰውና ጓዝ ቢጫንበትም ቁመቱ አይዛነፍም። በመስተዋት ከተከደኑት ስድስት የፊት መብራቶቹ መካከል ሁለቱ መሪው በዞረበት ይዞራሉ፤ ይህም በሌሊት መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው። መሪውም ከዳር እስከ ዳር ሁለት ዙር ብቻ ሲሆን፥ ሲለቁት በራሱ ወደ መካከል ይመለሳል። ስለዚህ ለሌላ መኪና የለመደ ሰው በመጀመሪያ ቀን ከልኩ በላይ ያዞረዋል። የቤት እመቤቲቱ ወይም ልጁ የሚነዱት እንደ ሆነ፥ ሰው በሌለበት ሜዳ ሳይለማመዱ ወደ ከተማ አይግቡ።

ጉዳቱ ደግሞ እነሆ። የሞተሩ ካቴና በየጊዜው ካልተወጠረ ይላላል፤ ላልቶ ቢዘል ወይም ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋራ ይጋጫሉ፥ ሞተሩም ይሰበራል። ደግሞም በፋብሪካ የገቡት የጭስ መውጫ ቫልቮች ውስጣቸው ሶዲየም የተሞላ ስለ ሆነ፥ ሲያረጁ ራሳቸው ይቈረጣል። ብልህ ባለቤት ይህ ሳይደርስ ድፍን በሆኑ ቫልቮች ያስለውጣቸዋል። መሪው፥ ፍሬኑና የአካሉ መነሣት የሚሠሩት በአንድ ፈሳሽ ነው፤ እርሱም ኤል ኤች ኤም የሚባለው አረንጓዴው ዘይት ነው። በስሕተት ሌላ የፍሬን ዘይት ቢጨመርበት ማሸጊያ ጎማዎቹ ሁሉ ይበላሻሉ። ስለዚህ መካኒኩ ስለዚህ አውቶሞቢል የተማረ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረስ፤ በፊቱም ያስነሡለት። ካቴናው ቢንኳኳ ጆሮው ይስማ፤ አካሉም ሳይዘገይ ከፊትና ከኋላ ይነሣ እንደ ሆነ ዓይኑ ይመልከት። ከቀለሙ ውበት ይልቅ ከሆዱ በታች ያለውን ዝገት ይመርምር። ሻጩ ካቴናውና ቫልቮቹ ተሠርተዋል ቢለው፥ የጋራዡን ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ቃል ብቻውን ሞተር አይጠግንምና። ከዋጋው ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጥ። ይህ ከሌለው ግን ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

በየዕለቱ ለመንዳትም ሥርዓት አለው። ጧት ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አካሉ ቁመቱን እስኪይዝ ይታገሡት፤ እስኪሞቅም ድረስ በኀይል አይንዱት። በሰሌዳው ላይ ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ፥ ከቤት አንድ እርምጃ ቢቀር እንኳ ይቁሙ፤ ፍሬኑ በዚያው ፈሳሽ ኀይል ነውና። ቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። በፈረንሳይ አገር 30 ዓመት ያለፈው አውቶሞቢል የቅርስ መታወቂያ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የአሮጌ መኪና ኢንሹራንሶች ባለቤቱ ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ስለዚህ በየቀኑ የሚነዳ ሰው እውነቱን ገልጾ ይዋዋል፤ ይህን ቢሸሽግ በአደጋ ቀን ካሣው ይቀርበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልጆች ነገር ነው። የኋላው መቀመጫ ጠባብ ነው፤ በዚያም ዘመን ለኋላ ተቀማጮች የደኅንነት ቀበቶ ማድረግ ግዴታ አልነበረም። የሕፃን መቀመጫ የሚታሰረው በቀበቶ ስለ ሆነ፥ አባት ሕፃኑን ከማስቀመጡ አስቀድሞ ቀበቶ ማስገጠም ይገባዋል። ይህ ሳይሆን ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መሄድ ፍቅር ሳይሆን ድፍረት ነው።

በአጭሩ፥ የጋራዥ ጥላ፥ የታመነ መካኒክ፥ የተቀመጠ ገንዘብና በብልሽት ቀን የምታገለግል ሌላ መኪና ላለው ሰው፥ ይህ አውቶሞቢል በየዕለቱ ደስ የሚያሰኝ ባልንጀራ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጐደለው ግን ለጊዜው በሩቅ ያድንቀው። ባልም ከመግዛቱ አስቀድሞ ከሚስቱ ጋራ ይማከር፤ የሚወጣው ገንዘብ የሁለታቸው፥ የሚሳፈሩትም ልጆች የሁለታቸው ናቸውና።