ሰው ሠራሹ እግር ከተገጠመ በኋላስ?

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ወጣት አይጠፋም። ትናንት መካኒክ ወይም ሾፌር ነበር፤ ዛሬ መጋረጃ በተጣለበት ክፍል ቴሌቪዥን ሲያይ ይውላል። ሰው ሲመጣ "ተኝቷል በሏቸው" ይላል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ይጎርፉ ነበር፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነገሩ በስልክ ሆነ፣ ቆይቶ ስልኩም ቀረ። ሰው ሠራሹ እግርማ ተሠርቶለታል። ካልሲና ጫማ እንዳደረገ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ቤተሰብ ግራ ይገባዋል። "ያን ያህል ተለፍቶ የተሠራ እግር ምነው አላደርግም አለ?" ይላሉ። እንግዲህ ጉዳዩ ወዲህ ነው፤ ሆስፒታል ቁስሉን ያድናል፣ ወርክሾፕ እግሩን ይሠራል፤ ሰውየውን ወደ ሥራውና ወደ ጓደኞቹ መመለስ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። የተሐድሶ ምክር ይባላል። አሜሪካኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮቻቸው የጀመሩትን የሙያ ተሐድሶ በ1920 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ለሲቪሎችም አዳረሱት። እኛ ጋ ሥራውን ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ሶሻል ወርከሩና የሥነ ልቡና ባለሙያው ይካፈሉታል፤ የሁሉም ስለሆነም ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ከአካሉ እንጀምር። እግሩን ያጣ ሰው ሌሊት የሌለው እግሩ ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ጣቶቹን የጠመዘዙት ያህል ያመዋል። ታዲያ ለማን ይናገር? ቢናገር "ወፈፍ አደረገው" ሊሉት ነው። ጠበል ልሂድ ካለ የሚከለክለው የለም፤ ግን ልብ በሉ፣ ይህ እብደትም ልክፍትም አይደለም። እግሩ ቢሄድም አንጎል ውስጥ ያለው የእግሩ ቦታ አልጠፋም፤ አብዛኞቹ አካላቸውን ያጡ ሰዎች ይህን ስሜት ያውቁታል። መስተዋት በሁለቱ እግሮች መካከል አቁሞ፣ የደህናውን እግር ምስል እያዩ ማንቀሳቀስ አንዳንዱን ሰው ያስታግሰዋል። ይህን ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ስንቱን ሌሊት ብቻውን ባልፈራ ነበር!

እናት ደግሞ አንጀቷ አልችል ብሎ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ትደርባለች። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው ይህ ትራስ ጠላት ነው። ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና መራመድ ይከብደዋል። ደግሞም ከተቆረጠው በላይ ያለው እግር እብጠቱ ሲጎድል ይቀጥናል። ልኩ የነበረው ሶኬት ይሰፋና ቆዳውን ይልጠዋል። እግሩ "አልሆነኝም" ተብሎ አልጋ ሥር የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካልሲ በመደረብ ወይም ሶኬቱን በማስተካከል የሚፈታ ነገር ስለሆነ፣ ወደ ሠሩለት ባለሙያዎች መመለስ እንጂ መጣል አያስፈልግም።

ሥራስ? ጥሩ አማካሪ መካኒኩን "በቃ ሎተሪ አዙር" አይለውም። ሥራውን ዘርዝሮ ይጠይቀዋል፤ የትኛው መኪና ሥር መግባት ይፈልጋል፣ የትኛው ተቀምጦ ይሠራል? ዲናሞና ሞተሪኖ ጠረጴዛ ላይ ይፈታል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ለጋራዥ ሀብት ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን እንወቅ። ክሪክ ተንሸራቶ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ተጎድቶ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሆስፒታል ከፍሎ "እግዜር ይማርህ" ብሎ መለየት የለም። የእግሩ ዋጋ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። ሥራ ፍለጋ ለወጣው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። በአካል ጉዳት ምክንያት መድልዎ ማድረግን ይከለክላል፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስም የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚ እንዲመቹ ያዛል። አንዳንዱማ ራምፕ ብሎ የሠራው ቁልቁለት ደህናውንም ጎረምሳ የሚያንደረድር ነው!

ፍቅርስ? "እንዳታዝንልኝ ብዬ ራቅኋት" የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ስለ እሷ ስሜት ወሳኙ አንተ ነህ እንዴ? በግልጽ አውሯት። እግር መቆረጥ በራሱ የወንድነትንም ሆነ የሴትነትን አቅም አይነካም። ባለሙያዎችም ይህን ጥያቄ ታካሚው አፍሮ እስኪያነሳው አትጠብቁ፤ ላያነሳው ይችላል።

ለባለሙያዎች ሌላም ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ዊልቸር አገልግሎት፣ በ2010 ደግሞ ኅብረተሰብ አቀፍ ተሐድሶን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የዊልቸሩ መመሪያ ሰውየውን መለካትን፣ አጠቃቀሙን ማስተማርንና ጥገናን ሁሉ የአገልግሎቱ አካል ያደርጋል። ካሜራ ፊት ዊልቸር አድሎ ለሚሄድ ሁሉ ቢነበብለት ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ማኅበራቱ አሉላችሁ። የዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸውና የሌሎችም አካል ጉዳተኞች ማኅበራት አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። በሕግ ባለሙያነቷና በአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋችነቷ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የትነበርሽ ንጉሤም በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች ናት። ወደ ማኅበር ስትሄዱ "እንደኔ የተቆረጠ ሰው አገናኙኝ" በሉ። ከጉልበት በላይ ከሆነ ከጉልበት በላይ፣ በታች ከሆነም በታች የተቆረጠ ይሁን። ሐኪም የማይነግራችሁን ይነግራችኋል፤ ታክሲ ውስጥ የትኛው ወንበር እንደሚሻል፣ በክረምት ጭቃ እንዴት እንደሚረገጥ፣ ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር፣ ሲወረድ ግን ሰው ሠራሹ እንደሚቀድም።