ድረ ገጹን ለንባብ እናመቻች

እዚህ ልደታ ያለን ሰልጣኞች ለትምህርት ዝግጅት የሚሆነንን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የምንፈልገው ከኢንተርኔት ነው። ታዲያ አንዳንድ የአማርኛ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ምን ይታያል? ከላይ ማስታወቂያ፣ ከጎን የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ከታች «ይመዝገቡ» የሚል ሣጥን። ጽሑፉ መሐል ላይ ተጨናንቆ ይቀራል። ፊደሉም ደቃቅ ሲሆን «ሰ»ን ከ«ስ» መለየት ያስቸግራል። ገጹን በፕሮጀክተር ብናሳይማ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጭራሽ አያነብም፤ ከፊት ያለውም ዓይኑ የሚሄደው ወደሚንቀሳቀሰው ሥዕል ነው።

ይህን ለማስተካከል የሚረዳው ዘዴ የአንባቢ ስታይል ይባላል። ለመሆኑ ምንድን ነው? ማንኛውም ድረ ገጽ ይዘትና መልክ አለው። መልኩን የሚወስነው ሲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌጂያዊ ነው። በ1996 የመጀመሪያው ደረጃ ሲወጣ ከገጹ አዘጋጅ ሌላ አንባቢውም የራሱን ትእዛዝ እንዲጨምር ቦታ ተሰጥቶታል። ለውጡ የሚታየው በራሳችን ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ድረ ገጹን አይነካም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ በኮምፒዩተሩ ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ላይ ስታይለስ የተባለውን ነፃ ተጨማሪ መሣሪያ መጫን።

ሁለተኛ፣ ገጹን ከፍቶ በመሣሪያው ምልክት በኩል ለዚያው ድረ ገጽ አዲስ ስታይል መጀመር።

ሦስተኛ፣ ትእዛዞቹን መጻፍ። ለፊደሉ ዓይነት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ (ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ)፣ ለመጠኑ 20 ፒክስል፣ ለመስመሩ ርቀት 1.8 ይበቃል። የሚያስቸግረውን ሣጥን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ኢንስፔክት» ሲሉ ስሙ ይገኛል፤ በዚያ ስም ሥር «ዲስፕሌይ ነን» ብሎ መጻፍ ነው፤ አይታይ ማለት ነው።

በአማርኛ ውክፔዲያ ግን መሣሪያም አያስፈልግ፤ የተመዘገበ ተጠቃሚ ትእዛዞቹን በራሱ ገጽ ሥር ማስቀመጥ ይችላል። በስልክ የምናነብ ደግሞ የፋየርፎክስን የንባብ ዕይታ እንጠቀም።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የተደበቀ ሥዕል ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚወርድ የኢንተርኔት ወጪ ይቀንሳል ብለን አንጠብቅ። እንዲሁም መሣሪያ ስንመርጥ እንጠንቀቅ፤ ስታይሊሽ የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ የተጠቃሚዎችን የጉብኝት ታሪክ ሲሰበስብ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፋየርፎክስና ከክሮም መደብሮች ተነሥቶ ነበር። ከሁሉም በላይ የጸሐፊውን ስምና ጽሑፉ የወጣበትን ቀን አንደብቅ። እነዚህ ከሌሉ ለተማሪ የምናቀርበውን ነገር በምን እናረጋግጣለን?

መምህር ጥቁር ሰሌዳውን ሳይጠርግ ትምህርት አይጀምርም። ድረ ገጹም መርጃ መሣሪያ ከሆነ እንዲሁ ሊጠረግ ይገባዋል። እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ ገጽ አስተካክለን፣ ከክፍሉ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንሞክረው።