ብስክሌት፣ ተራራና የራስ ምታት



በቅርቡ አራት ጓደኛሞች ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ከጎባ ተነስተው በብስክሌት ወደ ሳኔቲ አምባ ለመውጣት ተዘጋጅተዋል። አንደኛው ለዕረፍት ከጅዳ የመጣ ነው። «ራሳችንን ካመመን እየዋጥን እንቀጥላለን» ብለው ፓራሲታሞል ጠየቁኝ። መድኃኒቱን ሰጠኋቸው፤ «እንቀጥላለን» ያሉትን ግን እንዲተዉት መከርኳቸው። ምክንያቱን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሳኔቲ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ጅብራውና ቀይ ቀበሮው የአላህን ጥበብ የሚያስተነትኑባቸው ውብ ፍጥረታት ናቸው። ይሁን እንጂ ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አምባው በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

ለመሆኑ ከፍታ ለምን ያሳምማል? ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። 4,000 ሜትር ላይ የምናገኘው በባሕር ዳርቻ ከምናገኘው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሰውነት ይህንን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። ብስክሌት መንዳት ደግሞ የጡንቻን የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል። ከጅዳ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ከኖረው ይልቅ በቀላሉ ሊታመም ይችላል። ወጣትነትና ጉልበት መከላከያ አይሆኑም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከወጡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ በተለይም እዚያው ሲያድሩ ይጀምራል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና ማዞር ናቸው። ፓራሲታሞል የራስ ምታቱን ያስታግሳል፤ የኦክስጅኑን እጥረት ግን አያስወግድም። ስለዚህ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ ይረፍ። ካልተሻለው ይውረድ።

ሁለት ምልክቶች ግን ፈጽሞ ጊዜ አይሰጡም። አንደኛው መንገዳገድና ግራ መጋባት ሲሆን፣ አንጎል ማበጡን ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠርና ሳል ሲሆን፣ ሳንባ ውሃ መቋጠሩን ያመለክታል። እንዲህ ያለውን ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዳችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። የሚያዞረው ሰው ቁልቁለት ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ብስክሌት አይንዳ፤ በመኪና ይውረድ።

ለመከላከል የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

• ከመውጣታችሁ በፊት ጎባ ወይም ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ።
• በመጀመሪያው ቀን በዝግታ ንዱ፤ ሽቅድምድም ይቅር።
• በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦና ተምር ያዙ፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብሉ። ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እስኪሆን ውሃ ጠጡ።
• ጫት የልብ ምትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ሁለቱንም ተዉ።
• አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ የሚወሰደው ግን በሐኪም ትዕዛዝ ነው። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ይናገር።
• የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከሁሉም በላይ ሕመምን አትደብቁ። «ጓደኞቼን አስቸግራለሁ» ብሎ ዝም ማለት ትዕግሥት አይደለም፤ አካላችን የአላህ አማና ነውና። የጉዞ ባልደረባም አማና ነው፤ ብቻውን ጥሎ መውጣት አይገባም።

አራቱ ጓደኛሞች በሌላኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ከጅዳ የመጣው ወንድማችን አምባው ላይ ካደረ በኋላ ራሱን አሞት፣ አስመልሶትም ነበር። ሳይደብቅ ነገራቸው። ሁሉም አብረውት በመኪና ወረዱ፤ ጎባ ሲደርስ ተሻለው፤ አልሐምዱሊላህ። ቱሉ ዲምቱን ሳያዩት ቀሩ። «ተራራው የትም አይሄድ፤ ኢንሻአላህ እንመለሳለን» አሉኝ።

አላህ ጉዟችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ወላሁ አዕለም።